የልጅነት ቁስል በትዳር ቤት

(በሬዲዮ የተደረገ ንግግር)



በዛሬው ምሽት የማቀርብላችሁ ጉዳይ በአደባባይ እምብዛም የማይነገር ነው፤ ነገር ግን ማታ በሩ ከተዘጋ በኋላ በብዙ ቤት ውስጥ የሚኖር ነው። ይኸውም በልጅነት ዘመን እየተደጋገመ የደረሰ መከራ፣ ልጁ አድጎ፣ ተምሮ፣ ሥራ ይዞና ትዳር መሥርቶ ሳለ፣ ከሚወደው ሰው ጋር በሚኖረው ኑሮ ላይ እንዴት ተመልሶ እንደሚመጣ ነው።

ነገሩ ግልጥ ይሆንልን ዘንድ አንድ ቤት በሐሳባችን እንሥራ። ባልየው የአርባ ዓመት ሰው ነው፤ በመሥሪያ ቤቱ የተመሰገነ፣ የጀመረውን ፋይል ሳይጨርስ ከወንበሩ የማይነሣ ነው። ሚስቲቱ መምህርት ናት፤ ጎረቤት ሁሉ በጨዋነቷ ይመሰክርላታል። ይዋደዳሉ። አንድ ቀን እሱ ከሥራ ዘግይቶ ይገባል። «ምነው ዛሬ አመሸህ?» ትለዋለች። ጥያቄው ተራ ጥያቄ ነው። እሱ ግን ፊቱ ይለዋወጣል፤ አንዲት ቃል ሳይመልስ ኮቱን ሰቅሎ ወደ መኝታ ቤት ይገባና በሩን ይዘጋል። እሷም ተከትላው ትሄዳለች፤ «ምን አደረግሁህ? ተናገር እንጂ! ከጠላኸኝም ጠላሁሽ በለኝ!» እያለች በሩን ትደበድባለች። ድምፅዋ ከፍ ባለ መጠን የእሱ ዝምታ ይጠነክራል፤ ዝምታው በጠነከረ መጠን የእሷ ድምፅ ከፍ ይላል። በማግስቱ ሁለቱም ያፍራሉ፤ ስለ ምን እንዲህ እንደ ሆኑ ግን አንዳቸውም አያውቁም። ወር ሳይሞላው ያው ነገር ይደገማል።

የዚህን ቤት ጠብ ምክንያት ባልየው ባመሸበት ሰዓት ላይ ብንፈልገው አናገኘውም። ምክንያቱ ያለው ከሠላሳ ዓመት በፊት በነበሩ ሌሎች ቤቶች ውስጥ ነው። ባልየው ያደገው አባት ጠጥቶ በሚገባበት ቤት ነበር፤ «የት ነበርህ?» የሚለው ጥያቄ ቀበቶው ከመፈታቱ በፊት የሚመጣ ጥያቄ ነበር። ምንም ቢመልስ ከዱላ እንደማያመልጥ ስላየ ዝም ማለትንና መደበቅን ተማረ። ሚስቲቱ ደግሞ በስድስት ዓመቷ «ከተማ ገብታ ትማር» ተብላ ከእናቷ ተለየች። ከአክስት ቤት ወደ አጎት ቤት፣ ከአጎት ቤት ወደ ሩቅ ዘመድ ቤት ተዘዋወረች። ከየቤቱ ከመሸኘቷ በፊት የቤቱ ሰዎች ለጥቂት ቀናት ዝም ይሏት ነበርና ዝምታ ለእሷ የመባረር ምልክት ሆነ። እንግዲህ እሷ ስትጠይቀው እሱ የሚሰማው የአባቱን ድምፅ ነው፤ እሱ ዝም ሲላት እሷ የምታየው ከደጅ የቆመውን ጓዟን ነው።

አባቶቻችን «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይላሉ። እባብ ያየ ሰው በልጥ መደንገጡ ሞኝነት አይደለም፤ አንድ ጊዜ ነፍሱን ያዳነ ድንጋጤ ነው። ችግሩ ልጡ እባብ አለመሆኑ ነው።

ሐኪሞች ይህን ነገር ለረጅም ጊዜ በስሙ አልጠሩትም ነበር። የውጭ አገር ሊቃውንትን ሥራ በምጠቅስበት ጊዜ ዓመቱን የምናገረው እንደ አውሮጳ አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ ላስታውስ። በ1980 የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር፣ ከቬትናም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮች ሥቃይ ጭምር ስላስገደደው፣ ከአስደንጋጭ አደጋ በኋላ የሚመጣውን የአእምሮ ሕመም በመዝገቡ ውስጥ አገባው። ነገር ግን አንድ ጊዜ በደረሰ አደጋ የቆሰለ ሰውና፣ ሊያመልጥ በማይችልበት ቤት ውስጥ ለዓመታት እየተደጋገመ የቆሰለ ሰው አንድ አይደሉም። ይህንን ልዩነት ጁዲት ኸርማን የተባሉት አሜሪካዊት የአእምሮ ሐኪም በ1992 ባሳተሙት መጽሐፍ አጥብቀው አስረዱ፤ ሁለተኛውንም እኛ በቋንቋችን «ድርብርብ የመንፈስ ቁስል» ልንለው በምንችለው ስም ጠሩት። የዓለም የጤና ድርጅትም ይህንን ሕመም በበሽታዎች መለያ መዝገቡ 11ኛ እትም ላይ ለብቻው አሰፈረው፤ መዝገቡ በ2019 ጸድቆ ከጥር ወር 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል።

በዚህ መዝገብ መሠረት የድርብርቡ ቁስል ምልክቶች በሁለት ወገን ይመደባሉ። የመጀመሪያው ወገን ከማናቸውም ብርቱ የመንፈስ ቁስል ጋር የሚመጣ ነው፤ ይህም ያለፈው ክፉ ነገር አሁን እንደሚደረግ ሆኖ መታየቱ፣ የሚያስታውሰውን ሁሉ መሸሽ፣ አደጋ አሁንም በደጅ እንዳለ ሁልጊዜ መጠንቀቅ ነው። ሁለተኛው ወገን ለድርብርቡ ቁስል የተለየ ነው፤ ይኸውም ስሜትን መግዛት አለመቻል፣ ራስን እንደ ተዋረደና እንደማይረባ አድርጎ መቍጠር፣ ከሰው ጋር ተቀራርቦ ለመኖር መቸገር ነው። ልብ በሉ፤ ከሰው ጋር መቀራረብ አለመቻል ከሕመሙ በኋላ የመጣ ትርፍ ችግር ሆኖ አልተጻፈም፤ ከሕመሙ ምልክቶች አንዱ ሆኖ ተጻፈ እንጂ። ምክንያቱም ግልጥ ነው፤ ቁስሉ በሰው እጅ፣ ያውም ሊጠብቀው በሚገባው ሰው እጅ የመጣ ነውና፣ የሚያመውም ሰው በቀረበ ጊዜ ነው። ስለዚህም አንድ ሰው በቢሮው ውስጥ ታታሪና ረጋ ያለ ሆኖ ሳለ በቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው መስሎ ቢታይ ግብዝነት ላይሆን ይችላል። የሥራ ጓደኛው ያን ያህል አይቀርበውም፤ ሚስቱ ግን ትቀርበዋለች።

ሕፃን ልጅ ፍቅርን የሚማረው እንዴት ነው? እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ቦውልቢ ሕፃን ወደ አሳዳጊው የሚጠጋው ለምግብ ብቻ ሳይሆን ለመጠጊያ ጭምር መሆኑን አስተማሩ። አብረዋቸው የሠሩት ሜሪ ኤንስወርዝ በ1954ና በ1955 በአፍሪካዊቷ አገር በኡጋንዳ፣ በካምፓላ አጠገብ ባሉ መንደሮች 26 ቤተሰቦችን ቤት ለቤት እየሄዱ ተመለከቱ። እናቱ እንደምትደርስለት ያወቀ ሕፃን ከጉልበቷ ላይ ወርዶ በድፍረት ዓለምን ይመረምራል፤ ሲደነግጥ ወደ እሷ ይመለሳል፤ ተጽናንቶም እንደ ገና ይሄዳል። መድረሷን ያላረጋገጠ ግን እቅፏ ውስጥ ሆኖም ያለቅሳል። ኤንስወርዝ በኋላ በአሜሪካ ባደረጉት ጥናት ደግሞ ሌላ ዓይነት ሕፃን አገኙ፤ ማልቀሱ እንደማይጠቅመው የተረዳ የሚመስል፣ እናቱ ተለይታው ስትመለስ ፊቱን ወደ መጫወቻው የሚያዞር ሕፃን ነው። ይህንን ሕፃን ያየ «እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው!» ይል ይሆናል። ጨዋነት ግን አይደለም፤ ፍላጎቱን መደበቅ የተማረ ልጅ ነው።

በ1987 ሲንዲ ሐዛንና ፊሊፕ ሼቨር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ይኸው ጠባይ በጎልማሶች ፍቅር ላይም ይታይ እንደ ሆነ ለማወቅ በአንድ የአሜሪካ ጋዜጣ ላይ ጥያቄ አወጡ። ከመለሱት 620 ሰዎች ከግማሽ ጥቂት የሚበልጡት ሰውን መቅረብና በሰው መደገፍ እንደማያስቸግራቸው ተናገሩ፤ ሩብ የሚያህሉት ሰው አብዝቶ ሲቀርባቸው እንደሚጨነቁ፣ የቀሩት ደግሞ የሚወዱት ሰው ይተወኛል የሚል ሥጋት እንደማይለያቸው ገለጡ። ከእነዚህ ሰዎች ሁሉ በብርቱ የቆሰሉት ጥቂቶች ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሆኖም በልጅነት ብርቱ መከራ ለደረሰበት ሰው ያው ጠባይ እጅግ ይጠነክርበታል። አንዳንዱም ሁለቱን በአንድነት ይይዛል፤ ዛሬ «አትለይኝ» ብሎ ያለቅሳል፤ ነገ «አትቅረበኝ» ብሎ ይቈጣል።

በመሥሪያ ቤት የምንሠራ ሰዎች ይህንን ለመረዳት አይቸግረንም። በችግር ጊዜ አንድ መመሪያ ይወጣል፤ ችግሩ ያልፋል፤ መመሪያው ግን የሚሽረው ደብዳቤ ስላልተጻፈ ከብዙ ዓመት በኋላም ይሠራበታል። የቆሰለም ልጅ ልብ እንዲሁ ነው። «ዝም በል፤ ተደበቅ፤ ማንንም አትመን» የሚለው መመሪያ በወጣበት ቀን ትክክለኛ ነበር። ያወጣውም ማንም ያልረዳው ሕፃን ነበርና ልንነቅፈው አይገባንም። ነገር ግን ዛሬ ቤቱ ሌላ ነው፤ ሰውም ሌላ ነው።

ያልተሻረው መመሪያ በትዳር ውስጥ ብዙ መልክ አለው። አንዱ እንደ ባልየው ዝምታና መሸሽ ነው። ሌላው እንደ ሚስቲቱ የማያቋርጥ ጥርጣሬና ማረጋገጫ መፈለግ ነው። ሦስተኛው በጥቂት ነገር የሚነድ ቍጣ ነው። አራተኛው ደግሞ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነው፤ ፍቅር ተሰጥቶት ለመቀበል አለመቻል። እንዲህ ያለው ሰው ሲመሰገን ያፍራል፤ ሲያስቡለት ይጠረጥራል፤ «ማንነቴን ቢያውቁ አይወዱኝም ነበር» ይላል በልቡ። አንዳንዱም የሚያዋርደውን ሰው ትቶ መሄድ ያቅተዋል፤ ውርደቱ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው ነውና። በልጅነታቸው በአካላቸው ላይ ነውር የተፈጸመባቸው ሰዎች ደግሞ የሚወዱት የትዳር ጓደኛ እጅ እንኳ ሲነካቸው ሰውነታቸው ሊደነዝዝ ይችላል። ይህንን «አልወደደችኝም» ወይም «አልወደደኝም» ብሎ መተርጐም በቁስል ላይ ቁስል መጨመር ነው።

በአገራችንም ይህ ጉዳይ የጥቂቶች አይደለም። በ1969ና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ አባታቸው ወይም ወንድማቸው ከቤት ተወስዶ ያልተመለሰላቸው፣ በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ወላጆቻቸውን የቀበሩ፣ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ የአገራችን ክፍል በተደረገው ጦርነት ክፉውን ሁሉ በዓይናቸው ያዩ ልጆች ነበሩ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ዛሬ ባልና ሚስት፣ አባትና እናት ናቸው፤ የቀሩትም ነገ ይሆናሉ። ጦርነትና ረሃብ ባልደረሰበትም ሰፈር፣ ለትምህርት ተብሎ ወደ ዘመድ ተልኮ እንደ ልጅ ሳይሆን እንደ አገልጋይ ያደገ ስንት ሰው አለ! «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» እንደሚባለው፣ አእምሮ የረሳውን እንኳ ሰውነት ያስታውሰዋል። መከራ የደረሰበት ልጅ ሁሉ ግን ሕመምተኛ አይሆንም፤ አንዲት አያት ወይም አንድ መምህር እንኳ በፍቅር ከቀረበው ብዙ ይድናል። በየቤቱ የሚነሣውም ጠብ ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው አልልም።

ባልና ሚስት ሲጣሉ ሽማግሌ መጥራት መልካም ልማዳችን ነው፤ ስንት ቤት ከመፍረስ አድኗል። ነገር ግን ሽማግሌዎች ተቀምጠው የሚጠይቁት «ማን ማንን በደለ?» ብለው ነው። ከላይ ባነሣነው ቤት ይህ ጥያቄ መልስ የለውም፤ በዳዮቹ በዚያ ስብሰባ አልተገኙምና። እሱ «ዝም ብትል ምን አለ?» ሲል፣ እሷም «አንድ ቃል ቢመልስልኝ ምን አለ?» ስትል ሁለቱም እውነታቸውን ነው። «ልጆቼ፤ ተቻቻሉ፤ ታገሡ» ተብለው ይታረቃሉ፤ ዕርቁም የልብ ዕርቅ ነው፤ ግን የተነካው ቁስሉ አይደለምና ጠቡ ይመለሳል። ስለዚህ ከ«ማን በደለ?» ጥያቄ ጋር ሌላም ጥያቄ መጨመር ያስፈልጋል፤ «ይህ ፍርሃት ከየት መጣ?» የሚል።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። የቁስሉን ምንጭ ማወቅ ለበደል ፈቃድ መስጠት አይደለም። «እኔም በልጅነቴ ተደብድቤአለሁ» ብሎ ሚስቱን የሚመታ ሰው ምክንያቱን አስረዳ እንጂ ንጹሕ አልሆነም። ከግንቦት ወር 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕጋችንም በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸመውን የኃይል ድርጊት በግልጥ ወንጀል አድርጎታል። የምትመታ ሴት «ቁስለኛ ነውና ልታገሠው» ብላ መቀመጥ አይገባትም፤ የመጀመሪያው ግዴታ ራስዋንና ልጆችዋን ማዳን ነው። ማስተዋል የሚጠቅመው ደኅንነት ባለበት ቤት ነው።

እንግዲህ ያረጀውን መመሪያ የሚሽረው ምንድን ነው? ብዙ ሰው ትልቅ ፍቅር ይበቃል ብሎ ያምናል። «በፍቅሬ እፈውሰዋለሁ» ብላ የምታገባ፣ «ከእኔ ጋር ሁሉን ትረሳለች» ብሎ የሚያገባ አለ። ሁለቱም ውሎ አድሮ ይደክማሉ፤ የቆሰለ ልብ የሚጠብቀው ትልልቅ ቃል ሳይሆን የማይለዋወጥ ትንንሽ ሥራ ነውና። ጁዲት ኸርማን ፈውስ በሦስት ደረጃ እንደሚሄድ ጽፈዋል፤ መጀመሪያ ደኅንነት፣ ቀጥሎ ያለፈውን ማስታወስና ማልቀስ፣ በመጨረሻም ከሰው ጋር እንደ ገና መገናኘት። ደኅንነት ሳይኖር «ያለፈውን ሁሉ ንገረኝ» ብሎ መጨቅጨቅ ከመፈወስ ይልቅ ማቍሰል ነው።

በቤት ውስጥ ደኅንነት የሚሠራው እንዲህ ነው። አንደኛ፣ የተናገሩትን መፈጸም። «በአሥራ ሁለት ሰዓት እገባለሁ» ያለ ሰው ቢዘገይ አስቀድሞ ይደውል፤ ለሌላው ሰው ትንሽ ነገር ናት፤ ደጅ ደጁን እያየች ላደገች ሴት ግን ትልቅ ነገር ናት። ሁለተኛ፣ ጠቡ ሲግል ማቆም። አሜሪካዊው የትዳር ተመራማሪ ጆን ጎትማን እንደሚያስረዱት፣ ሰው በጠብ ጊዜ የልቡ ምት በደቂቃ ከ100 ሲያልፍ የሚነገረውን ሰምቶ ማስተዋል ይቸግረዋል፤ ስለዚህ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ መለያየት ይመክራሉ። ነገር ግን አለያየቱ እንደ ባልየው በዝምታ አይሁን። «አሁን መናገር አቅቶኛል፤ ጥዬሽ መሄዴ አይደለም፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተመልሼ እንነጋገራለን» ይበል፤ ይመለስም። ይህች አንዲት ዐረፍተ ነገር ለእሱ መሸሸጊያውን ትሰጠዋለች፤ ለእሷም መመለሱን ታረጋግጥላታለች። እሷም በበኩልዋ «ምነው አመሸህ?» በማለት ፈንታ «ስትዘገይ እንዳትተወኝ እፈራለሁ» ብትል፣ የምርመራ ድምፅ የነበረው የፍቅር ድምፅ ይሆናል።

የቅርብ ሰው መኖር በሰውነት ላይ እንኳ ምን ያህል እንደሚሠራ በ2006 ታትሞ በወጣ ጥናት ታይቷል። ጄምስ ኮኧንና ባልደረቦቻቸው 16 ባለ ትዳር ሴቶችን በአንጎል መመርመሪያ መሣሪያ ውስጥ አስተኝተው ትንሽ የኤሌክትሪክ ንዝረት ሊደርስባቸው እንደሚችል ነገሯቸው። አደጋን የሚያስታውቀው የአንጎል ሥራ ብቻቸውን ሲሆኑ ከፍ አለ፤ የባላቸውን እጅ ሲይዙ ዝቅ አለ፤ ትዳራቸው መልካም በሆነው ዘንድ ደግሞ ይበልጥ ዝቅ አለ። እንግዲህ በትዳር የቆሰለውን ሰው የሚያስፈራው ያው መቀራረብ፣ በዝግታና በፈቃዱ ሲለማመደው፣ መድኃኒቱም ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው ነገር የባለሙያ እርዳታ መፈለግ ነው። የትዳር ጓደኛ ሐኪም አይደለም፤ ሐኪም እንዲሆንም መጠየቅ የለበትም። እንዲህ ያለውን ቁስል በንግግር የሚያክሙ ሙያተኞች አሉ፤ ባልና ሚስትን በአንድነት የሚያክሙበትም ዘዴ ከ1980ዎቹ ጀምሮ በካናዳ በሱ ጆንሰንና በባልደረቦቻቸው ተደራጅቷል። በአገራችን የእነዚህ ሙያተኞች ቍጥር ከሕዝቡ ብዛት ጋር ሲመዛዘን ጥቂት ነው፤ ቢሆንም በአዲስ አበባ በአማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታልና በሌሎችም ስፍራዎች ይገኛሉ። ወደዚያ መሄድን እንደ እብደት ምስክር ወረቀት የምንቈጥር ብዙዎች ነን። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለውን ተረት ግን ሁላችንም እናውቀዋለን። ገበናን ከአላፊ አግዳሚ መሸፈን ጨዋነት ነው፤ ከሐኪም መሸፈን ግን ራስን መበደል ነው።

የተከበራችሁ አድማጮች፤ ሜሪ ሜይን የተባሉ ተመራማሪ በ1980ዎቹ ጎልማሶች ስለ ልጅነታቸው ሲናገሩ ያዳምጡ ነበር። ያገኙትም ነገር ተስፋ የሚሰጥ ነው። ልጁን በሰላም የሚያሳድገው ልጅነቱ ያማረለት ሰው ብቻ አይደለም፤ ልጅነቱ መራራ ሆኖ ሳለ ያንን መራራነት ሳይክድና ሳይሰጥምበት፣ አስተካክሎ ሊናገረው የቻለ ሰውም ነው። ስለዚህ ሰንሰለቱ ሊቈረጥ ይችላል። በዚያ ቤት በሩ ሲደበደብ፣ ከጓዳ ሆኖ የሚሰማ አንድ ትንሽ ልጅ አለ፤ እሱም ዛሬ ማታ የራሱን መመሪያ በልቡ በመጻፍ ላይ ነው። አባቱ ከግማሽ ሰዓት በኋላ በሩን ከፍቶ ቢወጣና እናቱን ቢያነጋግራት፣ ልጁ የሚጽፈው ሌላ ቃል ይሆናል።

ይህ በአንድ ቀን አይሆንም። አሮጌው መመሪያ በዓመታት እንደ ተጻፈ፣ መሻሪያውም በየምሽቱ አንዳንድ መስመር እየተጨመረበት ይጻፋል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለምን? እንግዲህ ዛሬ ማታ ከትዳር ጓደኛችሁ ዘንድ ያልገባችሁ ዝምታ ወይም ያልገባችሁ ቍጣ ቢገጥማችሁ፣ «ይህ ሰው ምን ዓይነት ክፉ ነው?» ከማለታችሁ በፊት፣ «ይህ ሰው ምን ደርሶበት ይሆን?» ብላችሁ ጥቂት ቈዩ።